አዲስ ሽጉጥ ለምን ይነክሳል? መንስኤው፣ ምልክቱና ጥንቃቄው

አዲስ ዕቃ አያስቸግርም የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ከማሸጊያው ገና የወጣ፣ ብረቱ የሚያብለጨልጭ፣ ዝገት ያልነካው ሽጉጥ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ያለ እንከን ይተኩሳል ተብሎ ይጠበቃል። እውነታው ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በሕጋዊ ፈቃድ ሽጉጥ የገዛ ሰው በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ሦስተኛው ወይም አምስተኛው ጥይት ላይ መሣሪያው ሊነክስበት ይችላል። ባዶው ቀለህ በመውጫው ላይ ተሰንቅሮ ሊቀር፣ ወይም ምላጩ ተስቦ ከ«ቀጭ» ድምፅ በስተቀር ምንም ላይሰማ ይችላል።

ጉዳዩ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደለም። የማይታመን ሽጉጥ አደጋው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው፣ ባለቤቱ ሕይወቱንና ንብረቱን ለመጠበቅ በተማመነበት ሰዓት መክዳቱ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ደግሞ፣ «አልሠራም» ተብሎ ሲነካካ፣ ሲመታና ሲፈታ ሳይታሰብ መተኮሱ ነው። በሁለተኛው አደጋ የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ አባላት፣ ጎረቤቶችና ራሱ ባለቤቱ ናቸው። ስለዚህ መሣሪያው ለምን እንደሚነክስ መረዳት፣ ምን መንካት እንደሚገባና ምን መንካት እንደማይገባ ለይቶ ማወቅም ነው።

ሽጉጥ እንዴት ይሠራል?

ችግሩን ለማወቅ መጀመሪያ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። እነሱም ቀለሁ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከፊት የሚወጣው እርሳስ እና በቀለሁ መቀመጫ መሃል ያለችው እሳት የምታጭረው ትንሿ ካፕሱል ናቸው።

ባለ ካዝና ሽጉጥ ሲተኩስ በዐይን ጥቅሻ ውስጥ ብዙ ተግባራት በተርታ ይከናወናሉ። በካዝናው ውስጥ ያለው ሞላ ጥይቱን ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ ያለው ተንሸራታች ብረት ወደ ፊት ሲመለስ ጥይቱን ከካዝናው አፍ ገፍቶ ወደ ማጉረሻው ያስገባና ከኋላው ይዘጋል። ምላጩ ሲሳብ መቺው መርፌ ካፕሱሏን ይመታል፤ ባሩዱ ይቀጣጠላል፤ እርሳሱ በአፈሙዙ ይወጣል። የፍንዳታው ግፊት ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ ጥፍር የመሰለች ትንሽ ብረት ባዶውን ቀለህ ከማጉረሻው ትጎትተዋለች፤ ሌላ ብረት ደግሞ መትቶ ወደ ውጭ ያስፈነጥረዋል። ከዚያም መመለሻው ሞላ ተንሸራታቹን ወደ ፊት ይመልሰዋል፤ ቀጣዩ ጥይትም ይጎርሳል።

ከእነዚህ ተግባራት አንዱ ከዘገየ፣ ከደከመ ወይም ከተዛነፈ መሣሪያው ይነክሳል። ስለዚህ «ሽጉጡ አይሠራም» ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም። ጥያቄው የትኛው ተግባር ላይ ቆመ የሚለው ነው።

ከሁሉ በፊት፦ መሣሪያውን ባዶ ማድረግ

የነከሰ ሽጉጥ ያልተኮሰ እንጂ ባዶ የሆነ አይደለም። ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት አፈሙዙ ሰው፣ ቤትና ከብት ወደሌለበት፣ እርሳሱን አስቀርቶ ወደሚያሰምጥ የአፈር ቁልል ወይም ገደል ማነጣጠር አለበት። ጣት ከምላጩ ውጭ ይሁን። ቀጥሎ ካዝናው ይውጣ፤ ከዚያ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ተስቦ በማጉረሻው ያለው ጥይት ይውጣ። በመጨረሻም ማጉረሻው በዐይን ይታይ፤ በጣትም ይዳሰስ።

ቅደም ተከተሉ እጅግ አስፈላጊ ነው። ካዝናው ሳይወጣ ተንሸራታቹን መጀመሪያ የሳበ ሰው አንድ ጥይት ያስወጣና በምትኩ ሌላ ያጎርሳል። «ጥይቱን አውጥቼዋለሁ» ብሎ ምላጩን ሲነካ የሚደርሰው አደጋ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይህ ስህተት ነው። ካዝናው ቢወጣም በማጉረሻው ያለችው አንዷ ጥይት እንደምትቀርም መዘንጋት አይገባም። ሽጉጡ በሚፈታበትና በሚወለወልበት ስፍራ ጥይት መኖር የለበትም፤ ጥይቱ በሌላ ክፍል ተቆልፎ ይቀመጥ።

ሁለት አደገኛ ምልክቶች

ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ሳይፈነዳ ሲቀር ወዲያው መክፈት አይገባም። አንዳንዴ ካፕሱሏ እሳቱን ለባሩዱ የምታደርሰው ዘግይታ ነው። ጥይቱ ዘግይቶ የሚፈነዳው ተንሸራታቹ በተከፈተበት ቅጽበት ከሆነ ቀለሁ ተቀዶ ፊትንና እጅን ይጎዳል። ስለዚህ አፈሙዙን ደኅና ወደሆነው አቅጣጫ እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ መታገሥ፣ ከዚያ ካዝናውን አውጥቶ ጥይቱን ማስወገድ ያስፈልጋል። ወደ አፈሙዙ መመልከት በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ሁለተኛው ምልክት ከዚህ ይብሳል። ተኩሱ ከወትሮው የደከመ «ጡፍ» የሚል ድምፅ ካሰማና እጅ ላይ የሚሰማው ግፊት ከቀነሰ፣ ባሩዱ አንሶ ወይም ረጥቦ እርሳሱ በቱቦው መሃል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ሌላ ጥይት አጉርሶ የሚተኩስ ሰው በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሁለተኛ ፍንዳታ ይፈጥራል፤ ቱቦው ያብጣል ወይም ይቀደዳል። ድምፁ የተለየበት ተኳሽ በዚያው መቆም፣ መሣሪያውን ባዶ ማድረግና ቱቦው ክፍት መሆኑ በባለሙያ እስኪረጋገጥ ድረስ አለመተኮስ አለበት። በዚህ ነገር ላይ መቸኮል ጣትን፣ ዐይንን ወይም ሕይወትን ያስከፍላል።

የአዲስ ሽጉጥ የተለመዱ አራት ተጠርጣሪዎች

በአዲስ ሽጉጥ ላይ የሚታዩ ችግሮች ብዙዎቹ ከአራት ነገሮች ይመነጫሉ። እነሱም የፋብሪካው ቅባት፣ ጥይቱ፣ ካዝናው እና የተኳሹ አያያዝ ናቸው።

የመጀመሪያው ቅባቱ ነው። ፋብሪካዎች መሣሪያው በመጓጓዣና በመጋዘን እንዳይዝግ ይቀቡታል። ይህ ቅባት ለማቆያ እንጂ ለማሠሪያ የተዘጋጀ ላይሆን ይችላል። ወፍራም ከሆነ ተንሸራታቹን ያዘገየዋል፤ በመቺው መርፌ መንገድ ውስጥ ካለ ደግሞ የምቱን ኃይል ይቀንሳል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ብርዳማ አካባቢዎች በማለዳ ይበልጥ ይወፍራል። ስለዚህ አዲስ ሽጉጥ ከመተኮሱ በፊት በአምራቹ መመሪያ መሠረት ተፈትቶ መወልወል፣ ከዚያም መመሪያው በሚያመለክታቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ በስሱ ዘይት መቀባት አለበት።

ዘይት ሲበዛ ጥቅሙ ይቀራል። የበዛ ዘይት አቧራ ይስባል። በጥርጊያ መንገድ ላይ ለሚጓዝ ወይም በዐውድማ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የእብቁ ብናኝና የመንገዱ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የምግብ ዘይትና ቅቤም ለመሣሪያ አይሆኑም። ሲቆዩ ይደርቃሉ፤ ሙጫ ሆነውም ክፍሎቹን ያጣብቃሉ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጥይቱ ነው። «9 ሚሊ ሜትር ነው» የሚለው አነጋገር ብዙዎችን ያሳስታል። በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊቱ የተመረጠው የማካሮቭ ሽጉጥ የሚጎርሰው ጥይት ቀለሁ 18 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው የፓራቤለም ጥይት ቀለህ ደግሞ ርዝመቱ 19 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኃይሉም ከማካሮቭ ይበልጣል። የእርሳሳቸው ውፍረትም አንድ አይደለም፤ የማካሮቭ እርሳስ 9.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የፓራቤለም ወደ 9.0 ይጠጋል። በስም ቢቀራረቡም አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም። ያልተገባው ጥይት ላይጎርስ፣ ተንሸራታቹ ላይዘጋ ወይም መሣሪያውን ሊጎዳ ይችላል። ትክክለኛው የጥይት ዓይነት በቱቦው ወይም በተንሸራታቹ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በቀለሁ መቀመጫ ላይ ከሚገኘው ጽሑፍና ከማሸጊያው ጋር ማመሳከር የመጀመሪያ ሥራ ነው።

የጥይቱ ዓይነት ትክክል ቢሆንም ጥራቱ ሊለያይ ይችላል። እርጥበት የነካው፣ ቀለሁ የተጨረመተ ወይም የአረንጓዴ ዝገት የያዘ ጥይት መተኮስ የለበትም። ጥይትን «እንዳይዝግ» በዘይት መቀባትም ስህተት ነው፤ ሰርሳሪ ዘይት በካፕሱሏ ጠርዝ ገብቶ ሊያከሽፋት ይችላል። አንዳንድ አሮጌ የወታደር ጥይቶች ደግሞ ካፕሱላቸው ሲቃጠል ጨው መሰል ዝቃጭ በቱቦው ውስጥ ይተዋል። ዝቃጩ ከአየር እርጥበት ስቦ አዲሱን ቱቦ በአጭር ጊዜ ያዝጋል። ዘይት ብቻ ጨውን አያስወግድም። የተፈታው ቱቦ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ በሚገባ ደርቆ፣ ከዚያ በስሱ መቀባት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ካዝናው ነው። ጥይቱን በትክክለኛው ከፍታና አቅጣጫ የሚያቀርበው ካዝና ስለሆነ ከንፈሩ በትንሹ ቢጎብጥ፣ ሞላው ቢደክም ወይም ውስጡ አፈር ቢገባ ጥይቱ ወደ ማጉረሻው መግባት ይሳነዋል። ችግሩ በካዝናው መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሽጉጡ ሁለት ካዝናዎች ካሉት በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር መጻፍ ነው። ንክሻው የሚደጋገመው በአንዱ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን የካዝናው ነው። በተጨማሪም ካዝናው «ቀጭ» ብሎ እስኪቆለፍ ድረስ መገፋቱ መረጋገጥ አለበት። በአዲስ ሽጉጥ ላይ ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ሙሉ ካዝና በወጉ ሳይቆለፍ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

አራተኛው አያያዙ ነው። ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ለመሄድ የሽጉጡ አካል በእጅ ጸንቶ መያዝ አለበት። አንጓው የላላ ሰው ሲተኩስ ሽጉጡ በሙሉ አብሮ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ተንሸራታቹ የሚያገኘው ኃይል ይቀንሳል። ቀለሁም ሳይወጣ በመውጫው ላይ ቆሞ ይቀራል። አውራ ጣት ተንሸራታቹን ሲነካም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። አንድ ሽጉጥ በአንዱ ሰው እጅ እየነከሰ በሌላው ልምድ ባለው ሰው እጅ ያለ እንከን ከተኮሰ መልሱ ከብረቱ ሳይሆን ከእጁ ይፈለግ።

ምልክቱን አይቶ መንስኤውን መገመት

ጥይቱ ከካዝናው ወጥቶ ግን ሳይጎርስ አፍንጫው ተቀርቅሮ ከቆመ፣ መጀመሪያ ካዝናውና የጥይቱ ቅርጽ ይጠረጠራሉ። አንዳንድ ሽጉጦች ክብ አፍንጫ ያለውን እርሳስ ተቀብለው አፍንጫው ጠፍጣፋ ወይም ጎድጓዳ የሆነውን ይተፉታል።

ተንሸራታቹ ለጥቂት ሳይዘጋ ከቀረ ወፍራም ቅባት፣ በማጉረሻው ያለ ቆሻሻ ወይም ቀለሁ ያበጠ ጥይት ይጠረጠራል። በእጅ እየገፉ ወይም እየመቱ ማስዘጋት አይገባም፤ ያልገባ ጥይት ለምን እንዳልገባ መታየት አለበት።

«ቀጭ» ብሎ ሳይፈነዳ ከቀረ፣ ከተጠቀሰው የጥበቃ ጊዜ በኋላ የወጣው ጥይት ካፕሱል ይታይ። መርፌው ያሳረፈው ምልክት እንደ ሌሎቹ ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ስስ ከሆነ ግን መርፌው በቅባት ተይዟል፣ ሞላው ደክሟል ወይም ተንሸራታቹ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ነው የተመታው። ምልክት ከነጭራሹ ከሌለ መርፌው አልደረሰም ማለት ስለሆነ ወደ ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ባዶው ቀለህ በማጉረሻው ውስጥ ከቀረ የማጉረሻው ንጽሕናና የጥፍሯ ጤንነት ይመርመር። ጥፍሯ ሥር የቀረ የናስ ፍቅፋቂ ወይም የፋብሪካ ቅባት እንኳ በቂ ምክንያት ነው። ሪቮልቨር በሚባለው ባለ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ደግሞ መሽከርከሪያው ከተያዘ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከቀለህ አውጪው ኮከብ ሥር የገባ ያልተቃጠለ ባሩድ፣ ከቦታዋ ከፍ ያለች ካፕሱል ወይም በንዝረት ወደ ፊት የተንሸራተተ እርሳስ ነው።

አንድ ምልክት ግን ምርመራ አያስፈልገውም። ሽጉጡ ምላጩ ሳይነካ፣ በመውደቅ ወይም በመነቅነቅ ከተኮሰ፣ ወይም ምላጩ አንዴ ተስቦ ሁለትና ሦስት ጥይት ከተፋ፣ በዚያው ሰዓት ባዶ ተደርጎ ከአገልግሎት መውጣት አለበት።

ታሪክ የሚያስተምረው

አንድ ሽጉጥ መታመኑ የሚረጋገጠው በማስታወቂያ ሳይሆን በፈተና ነው። የአሜሪካ ሠራዊት አዲስ ሽጉጥ ለመምረጥ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ሙከራ አካሂዷል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ጉድለት ታይቶባቸው ለማሻሻያ ተመልሰዋል። በማርች 1911 በተደረገው የመጨረሻ ፈተና ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የኮልት ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኩሶበታል። ሲግል ውኃ ውስጥ እየተነከረ የቀጠለው ይህ ሽጉጥ አንድም ጊዜ ሳይነክስ ሲጨርስ ተፎካካሪው ሳቬጅ 37 ጊዜ ችግር ገጥሞታል። በዚያው ወር የተመረጠው የኮልት ሽጉጥ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የሠራዊቱ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ቆይቷል። ዘመን የተሻገረውም መሣሪያ ቢሆን ያለ እንከን የተወለደ ሳይሆን እየነከሰ፣ እየታረመ የተሠራ ነበር።

ጥፋቱ ከገዢው ሳይሆን ከፋብሪካው የሚሆንበት ጊዜም አለ። በአሜሪካ ሬሚንግተን የተባለው አምራች በ2014 እ.ኤ.አ. አር 51 የሚባል ሽጉጥ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ከገዢዎች ብዙ ቅሬታ ስለቀረበበት በዚያው ዓመት ሽያጩን አቁሞ ደንበኞቹ ሽጉጡን እንዲመልሱና በአዲስ እንዲተካላቸው አስታውቋል። የተሻሻለው ዓይነት እንደገና የወጣው በ2016 ነው። እነዚያ ገዢዎች ሽጉጡን ራሳቸው ሞርደውና ቆርጠው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይቸገሩ ነበር።

ሦስተኛው ትምህርት የመጣው ከጠመንጃ ነው። ኤም 16 የተባለው ጠመንጃ በ1960ዎቹ አጋማሽ ለቬትናም ጦርነት ሲታደል አዲስና ዘመናዊ ነበር። ነገር ግን የጥይቱ ባሩድ ከመጀመሪያው ዲዛይን ተለውጦ ነበር፤ ማጉረሻው ዝገት የሚከላከል የክሮም ልባስ አልነበረውም፤ ለብዙ ወታደሮችም በቂ መወልወያ አልተሰጣቸውም። በውጊያ መሃል ቀለህ እየተቀረቀረባቸው የሞቱ ወታደሮች ጉዳይ የአገሪቱ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ በ1967 እ.ኤ.አ. እንዲመረምረው አስገድዷል። ጥይቱ፣ ዝገቱና ውልወላው በአንድነት ሲጓደሉ አዲስነት ማንንም አላዳነም።

ደረጃ በደረጃ መመርመር

ጥሩ መርማሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር አይለውጥም። ጥይቱን፣ ካዝናውንና ዘይቱን በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ሽጉጡ ቢድን እንኳ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። በመሆኑም መጀመሪያ መሣሪያው በመመሪያው መሠረት ይወልወል። ቀጥሎ በዚያው ጥይት በሌላ ካዝና ይሞከር። ከዚያ በዚያው ካዝና የሌላ ፋብሪካ ትክክለኛ ጥይት ይሞከር። በመጨረሻም ልምድ ባለው ሌላ ሕጋዊ ተኳሽ እጅ ይታይ።

በእያንዳንዱ ጊዜ ማስታወሻ መያዝ ይጠቅማል። ቀኑ፣ የጥይቱ ዓይነት፣ የካዝናው ቁጥር፣ ስንተኛው ጥይት ላይ እንደነከሰና ምን እንደታየ በአንዲት ደብተር ቢሰፍር ተራ የሚመስለው ንክሻ ሥርዓት እንዳለው ይገለጣል። ሁልጊዜ የመጨረሻው ጥይት ላይ የሚነክስ ሽጉጥ ስለ ካዝናው ሞላ፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ላይ የሚነክስ ደግሞ ስለ አጎራረሱ ይናገራል። ማስታወሻው ለሻጭና ለጠጋኝ የሚቀርብ ማስረጃም ነው።

የአዲስ ሽጉጥ ብረቶች እርስ በርሳቸው እስኪላመዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። አንዳንድ አምራቾች ሽጉጡ የሚታመነው ከመጀመሪያዎቹ 200 ያህል ጥይቶች በኋላ እንደሆነ በመመሪያቸው ያስቀምጣሉ። ይህ ማለት ግን ማንኛውም ንክሻ «ይላመዳል» ተብሎ ይታለፋል ማለት አይደለም። እየቀነሰ የሚሄድ ንክሻ የመላመድ ምልክት ሊሆን ይችላል። እየበዛ የሚሄድ ወይም በአንድ ዓይነት የሚደጋገም ግን ጉድለት ነው።

ሙከራው በተፈቀደ የተኩስ ስፍራ ብቻ መደረግ አለበት። በጓሮ፣ በሰርግ ወይም በለቅሶ «ሽጉጡን ልሞክረው» ብሎ ወደ ሰማይ መተኮስ መሣሪያውን አይመረምርም። የተተኮሰው እርሳስ የሆነ ቦታ ይወድቃል፤ የሚወድቅበትን የመረጠው ሰው ግን የለም።

ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

የነከሰን ጥይት በአፈሙዝ በኩል ሚስማር ወይም ሽቦ ሰዶ መግፋት፣ ሽጉጡን በድንጋይ ወይም በእንጨት መምታት፣ ሞላ መቁረጥ፣ የማጉረሻውን መግቢያ በሞረድ ማለስለስና ምላጩን ለማቅለል ውስጡን መፋቅ ከማይደረጉት ውስጥ ናቸው። የተቆረጠ ሞላ ተመልሶ አይቀጠልም፤ የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይወፍርም። በተለይ ምላጩ ላይ የተደረገ ፍቀት ሽጉጡ በራሱ እንዲተኩስ ሊያደርገው ይችላል።

ምንጩ የማይታወቅ ሽጉጥ ሌላ ስጋት አለው። ድምፅ ብቻ ለማሰማት የተሠሩ ሽጉጦች ቱቧቸው ተቀይሮ እንደ እውነተኛ መሣሪያ በሕገ ወጥ መንገድ የሚሸጡበት ሁኔታ በተለያዩ አገሮች ይታወቃል። አካላቸው ብዙ ጊዜ ከደካማ ቅይጥ ብረት የተሠራ በመሆኑ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት ለመሸከም አልተሰናዱም። ተከታታይ ቁጥሩ የተፋቀ፣ የአምራች ስም የሌለው ወይም በቱቦው ላይ የብየዳ ምልክት ያለበት ሽጉጥ የሚጠገን ሳይሆን የሚፈራ ነው።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥና መግዛት የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በወንጀል ያስጠይቃል። ሕጋዊ ግዢ ከቅጣት ከማዳኑም በላይ ለጥገና መብት መሠረት ነው። ደረሰኝ፣ ፈቃድና ተከታታይ ቁጥር ያለው ሰው ጉድለት ያለበትን ሽጉጥ ይዞ ወደ ሻጩና ወደ ሕግ አካል ሊቀርብ ይችላል። በድብቅ የገዛ ግን ሽጉጡ ቢነክስበት እንኳ አቤት የሚልበት ደጅ የለውም።

አቀማመጥም የሥራው አካል ነው

ተመርምሮ የዳነ ሽጉጥ በአቀማመጥ ጉድለት እንደገና ሊታመም ይችላል። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ለወራት የሚቀመጥ ሽጉጥ ይዝጋል፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፤ በሚለፋበት ጊዜ የገባበት ኬሚካልም ብረት ይጎዳል። በጭስ ማጀት ጣሪያ ሥር የሚሰቀል መሣሪያ ጥቀርሻና እንፋሎት ይጠጣል። በክረምት ዝናብ የመታው ሽጉጥ በዚያው ቀን ተፈትቶ መድረቅና መወልወል አለበት።

ከሁሉ በላይ ሽጉጡና ጥይቱ ተለያይተው፣ ተቆልፈውና ከልጆች እጅ ርቀው መቀመጥ አለባቸው። ፍራሽ ሥርና ትራስ ሥር መደበቂያ እንጂ መቆለፊያ አይደሉም፤ ልጆች ደግሞ የተደበቀ ነገር ፈልገው ያገኛሉ። «ነክሷል፣ አይተኩስም» ተብሎ በሣጥን ላይ የተጣለ ሽጉጥ ለልጅ መጫወቻ የሚሆንበትን ቀን ማንም አያውቀውም። በትልቅ ሰው እጅ ከአምስት ጊዜ አምስቱን የከሸፈች ጥይት በስድስተኛው ልትፈነዳ ትችላለች።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። አዲስ ሽጉጥ በመጀመሪያው ቀን መንከሱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም በልምምድ ስፍራ መንከሱ በክፉ ቀን ከመንከሱ ይሻላል። ጥፋት የሚሆነው ምልክቱ ታይቶ ሲናቅ፣ በችኮላ ሲደበደብ ወይም ለማያውቅ እጅ ሲሰጥ ነው። ካዝናውን አውጥቶ፣ ማጉረሻውን አይቶ፣ ያየውን ጽፎ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለባለሙያ የሚተው ባለቤት ግን መሣሪያው ቢነክስም ቤተሰቡን ለአደጋ አያጋልጥም።